ሽማግሌ ያልላከው ትምህርት ቤት

የልጅ ልጄ አብራሪ እሆናለሁ ስትል ከቤታችን የሳቀባት የለም። ከትንሽነቷ ጀምሮ ስትለው ኖራለች። እናቷ አረብ አገር ሠርታ የላከችው ደርሶ፣ ፓስፖርቱም ወጥቶ፣ የቀረው ትምህርት ቤት መምረጥ ብቻ ሆነ። ሁለት አገር ያዘች፤ አንዱ ደቡብ አፍሪካ፣ አንዱ ካናዳ።

«አባባ፣ እኔ ደቡብ አፍሪካን ነው የምፈልገው» አለችኝ፣ ኮልፌ ብየዳ ቤቴ ድረስ መጥታ። «ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ካናዳ ሲበርድ ቁጭ ብለው አየሩን ነው የሚጠብቁት።»

«ሳንጠይቅ አትሄጂም» አልኳት።

«ምኑን ነው የምትጠይቁት?»

«ቤቱን ነዋ!»

እናቷ ስትሄድ የምትገባበትን ቤት የጠየቀ አልነበረም። ደላላ መጣ፣ ሄደች። ልጅቷን ያሳደግናት እኔና ባለቤቴ ነን። ልጄን ከዚያ ወዲህ የማውቃት በስልክ ነው፤ ድምፅዋ ይመጣል፣ ይቆራረጣል፣ ይሄዳል። ለዚህችኛዋ እንደዚያ አይሆንም አልኩ። ሴት ልጅ ከቤት ስትወጣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ዘር ይጠየቃል፣ ጠባይ ይጠየቃል። ለባል እንዲህ ከሆነ ለአውሮፕላን ምን ልዩነት አለው?

ሁለት ሽማግሌ ጠራሁ። አንዱ የእድራችን ዳኛ ነው፣ ሌላው ጎረቤቴ በርበሬ ነጋዴው። ጋቢያችንን ለብሰን ሳሎን ተደረደርን። ልጅቷ ስልኩን ፔርሙዝ ላይ አስደግፋ ደቡብ አፍሪካ ደወለች። አንዲት ሴትዮ ብቅ አለች፤ የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ ናት። አስተርጓሚያችን ራሷ ልጅቷ ሆነች።

ዳኛው ጉሮሮውን ጠርጎ የአገሩን ሰላም፣ የዝናቡን ሁኔታ፣ የከብቱን ደህንነት ጠየቀ። ልጅቷ በሁለት ቃል ጨረሰችው።

«ያን ሁሉ ተናግሬ ይቺን ብቻ?»

«ጋሼ፣ እንግሊዝኛ አጭር ነው።»

«እሱ አላጠረም፣ አንቺ ነሽ ያሳጠርሽው!»

ነጋዴው ቀጠለ፤ «ማታ በሩን የሚዘጋው ማነው? ስትታመምስ ማን ያስታምማታል?» ማደሪያው ግቢው ውስጥ ነው፣ ዘበኛ አለ፣ ሴቶቹ ለብቻቸው ናቸው አለች ሴትዮዋ። እኔ ደግሞ «የወደቀ አውሮፕላን አላችሁ?» አልኩ።

«አባባ! ምን ማለት ነው?»

«ጠይቂያት!»

ሴትዮዋ ፈገግታዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ ከብዙ ዓመት በፊት አንዱ ሞተሩ ጠፍቶ እርሻ ላይ እንዳረፈ፣ ሰውም እንዳልተጎዳ ነገረችን። አለመዋሸቷን ወደድኩላት።

በመጨረሻ እንደ ወጉ «ተመካክረን እናያለን፤ ተመልሳችሁ ጠይቁን» አልኩ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የልጅ አባት የለም።

ከዚያ ጠበቅሁ። ደቡብ አፍሪካ ዝም አለች። ካናዳ ግን በየቀኑ ስልኳ ላይ ይጽፋል፤ እየጠበቅንሽ ነው፣ ነይልን ይላል።

«አየሽ፣ እነዚህ ወግ ያውቃሉ፣ ደጅ ይጠናሉ» አልኩ። «ያችኛዋ ኮራች።»

«አባባ፣ እሱን የሚልከው ሰው እኮ አይደለም፣ ኮምፒውተር ነው። አንዴ ስሜን ስለሰጠሁ ለሁሉም ይልካል።»

«ኮምፒውተሩ እንኳን ለመነ!»

ከአፌ የወጣ ነገር አልመልስም፤ ተፈጥሮዬ ነው።  ልጅቷ እራት ላይ ጉርሻ ታነሳና መልሳ ታስቀምጣለች። ደቡብ አፍሪካ ምዝገባውን ሊዘጋ እንደሆነ ለአያቷ ነግራታለች፣ ለእኔ ግን አልነገረችኝም። ያፈነዳችው ባለቤቴ ናት።

«አንተ ሰውዬ፣ ማን መጥቶ እስኪለምንህ ነው የምትጠብቀው? ጠያቂዋ እኮ የኛዋ ናት። በዚህ ነገር አንተ የወንድ ወገን ነህ!»

ስንቱን ልጅ በሽምግልና ድሬ፣ ይሄ አልታየኝም ነበር። ልጅቷን ጠራኋት።

«አሁን ካናዳ ስንት ሰዓት ነው?»

«እዚያማ ሌሊት ነው፣ ተኝተዋል።»

«ደቡብ አፍሪካስ?»

«እንደኛው ቀን ነው። በአንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚዘገዩት።»

እኔ ስነሳ የምትነሳ፣ እኔ ምሳ ስበላ ምሳ የምትበላ ከሆነችማ፣ አልኩ በሆዴ።

«ደውዪላት።»

ሽማግሌዎቹን አልጠራሁም። ጋቢዬን ደርቤ፣ ከወንበሬ ተነስቼ፣ «ልጃችንን ተቀበሉልን» አልኩ። ይሄንንስ ሳታሳጥር ተረጎመችው። ሴትዮዋ ሳቀችና ቦታ አለ አለች።

ከሄደች ወዲህ ቤቱ ሰፋብን። ባለቤቴ ሦስት ሰሃን ታወጣና አንዱን ትመልሰዋለች። እኔ ቀትር ሲሆን የብየዳ መነጽሬን አወልቅና ቀና እላለሁ። ያቺው ፀሐይ እሷንም እያየቻት ነው፣ ትንሽ ዘግይታ። በቀደም ደውላ ብቻዋን እንደበረረች ነገረችኝ።

«አባባ፣ ከላይ ሳየው ቆርቆሮው ሁሉ ያብለጨልጫል። ኮልፌ መሰለኝ።»

ብዙ ልላት ነበር። «በልተሻል?» አልኳት።

ነጋዴው ባገኘኝ ቁጥር «ሙሽራዋስ?» ይለኛል። መልስ እስክጠራት ነው የምጠብቀው እለዋለሁ። ባለቤቴ መልስ የሚጠራው የሴት ወገን ነው፣ አንተ የወንድ ነህ ብላ ትሟገተኛለች። ትሟገት። ልጅ የወጣው ከእኔ ቤት ነው፤ ስትጨርስ ያቺንም ሴትዮ አብሬ እጠራለሁ። ለመልሱ የሚታረደው በግ የሚታሰርበትን ቀለበት ከአጥሩ በር ብረት ላይ በይጄዋለሁ። ጠዋት ስወጣ እጄን ጣል አደርግበታለሁ። ይቀዘቅዛል፤ ፀሐይ ገና አላገኘችውም።