የዕቃ ቤቱ እህትማማቾች

ዘይነባ የዚያን ዕለት ዓርብ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ተመልሳ አልተኛችም። በቀጥታ ወደ ዕቃ ቤቷ ሄዳ በሩን ከፈተችና የእጇን ጀርባ በሁለቱ ጥቁር ሳጥኖች ጎን ላይ ተራ በተራ አሳረፈች፤ ልጅ ሲያተኩሰው ግንባሩ እንደሚዳበሰው ሁሉ። ለብ ብለዋል እንጂ አይፋጁም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ትንሽ የሙቀት መለኪያ አየች። መነጽሯን አድርጋ ደብተሯን ገለጠችና፣ «ዓርብ ጧት፤ ክፍሉ ሃያ ሁለት፤ ሁለቱም ደህና» ብላ በተራራቁ ፊደሎቿ ጻፈች። ልቧ ግን እንደ ፊደሏ አልተረጋጋም። ዛሬ ሰርግ አለ።

ዘይነባ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። በሃያዎቹ መጀመሪያ ከወሎ ሪያድ ገብታ፣ ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ቤት ስትጠርግ፣ ልብስ ስትተኩስ፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዑድ ሠፈር፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአንድ ልጇ ከነስሪን ጋር ትኖራለች። ነስሪን እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ስታወራ ዐረብኛው የሚቀድማት ልጅ ናት፤ ዑለያ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ በኮምፒውተር ክፍል ትሠራለች። ሳጥኖቹ ሰርቨር ይባላሉ። በእነሱ ላይ የሚኖረው፣ ነስሪን የሠራችው «እልልታ» የተባለ ትንሽ ድረ ገጽ ነው።

የእልልታ ሥራ አንድ ነው። ሪያድ ውስጥ የሚደገሰውን የሐበሻ ሰርግ፣ በሴቶቹ በኩል ያለውን፣ አገር ቤት ለቀሩ እናቶችና እህቶች በቀጥታ ያሳያል፤ የእነሱንም ድምፅ ወደ አዳራሹ ይመልሳል። በስልክ ለምን አይላክም የሚል ሰው የዚህን ከተማ ሰርግ አያውቅም። በሴቶቹ አዳራሽ በር ላይ ቅርጫት ይዛ የምትቆም ሴት አለች፤ የገባች ሁሉ ስልኳን እዚያ ታስቀምጣለች። ተሸፋፍና የምትወጣ የምትገባ ሴት ፀጉሯን ለቃ ስትጨፍር፣ ምስሏ ከእጅ ወደ እጅ እንዳይዞር ነው። ከአራት ዓመት በፊት የነስሪን ጓደኛ ምስል እንዲያ ዞሮ፣ ልጅቱ ስንት ወር ሙሉ ከደጅ አልወጣችም። ነስሪን ያን ጊዜ ነው የተነሳችው። ምስሉ በማንም ድርጅት ማሽን ላይ አያድርም፤ በእናቴ ዕቃ ቤት ያድራል፤ የወንድ እጅም አይነካውም አለች። ዘመድ የሚገባበት የይለፍ ቃል በየሰርጉ ይለወጣል፤ በአፍ ብቻ ነው የሚነገረው።

ሳጥኖቹን ከዑለያ የኮምፒውተር ገበያ አሮጌ ገዝታ፣ ፈታትታ፣ ራሷ ነው የገጣጠመቻቸው። ዘይነባ ታላቂቱና ታናሺቱ ብላ ስም አወጣችላቸው። ታላቂቱ ትሠራለች፤ ታናሺቱ ሁሉን ነገር ከእሷ እየገለበጠች፣ ድንገት ብትወድቅ ለመተካት አጠገቧ ተዘጋጅታ ትቆማለች። መብራት ሲጠፋ የሚያግዝ የባትሪ ሳጥን አለ። የኢንተርኔቱ መስመር ቢቋረጥ ደግሞ ሲም ካርድ የገባበት ሌላ መስመር አለ። በየቅዳሜው እናትና ልጅ ሆነው እህትማማቾቹን ያቀያይራሉ፤ ቀይ ክር የታሰረበትን የኢንተርኔት ገመድ ከታላቂቱ ነቅለው ታናሺቱ ላይ ይሰካሉ፤ በሳምንቱ ይመልሳሉ። ዘይነባ መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር አልገባትም ነበር። ደህና የምትሠራውን ምን ትነካኪያታለሽ ብትላት፣ ነስሪን ሳቀችና፣ ዓመት ሙሉ ሳትሠራ የቆመችው በችግር ቀን መሥራቷን በምን እናውቃለን ብላ መለሰችላት። ይህን ከሰማች ወዲህ ቅዳሜን የምታስታውሰው ዘይነባ ሆነች።

አቧራውን የምትጠርገው በአሮጌ የኩል ብሩሽ ነው። የሪያድ አቧራ በተዘጋ መስኮት ሳይቀር ይገባል፤ በሳጥኖቹ ቀዳዳዎች ላይ እንደ ዱቄት ይነሰነሳል። የተበላሸና የተስተካከለ ነገር ሁሉ ደብተሩ ላይ ይሰፍራል፤ ነስሪን ግን አንድ ደንብ አውጥታለች። ምን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ይጻፋል እንጂ የሰው ስም አይጻፍም። ሰው ከፈራ ይደብቃል፤ የተደበቀ ብልሽት ደግሞ ይመለሳል ትላለች።

ዘይነባ ለዚህ ሥራ እንዲህ የምትለፋው ያለ ነገር አይደለም። ታናሽ እህቷ አገር ቤት ስትዳር ዘይነባ እዚህ የሰው ልብስ ትተኩስ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ አንድ መንገደኛ የሰርጉን የቪዲዮ ካሴት አመጣላት። አሠሪዎቿ የሌሉበትን ቀን ጠብቃ ከፈተችው። የእህቷን እጅ ሂና ሲቀቡት አየች፤ ጫማዋን አየች፤ ሴቶቹ ከበቡና ዓይነ ርግቡን ሊገልጡ እጃቸውን ሲሰዱ ማሽኑ ካሴቱን በላው። መስመር በመስመር ሆነ፤ ጠፋ። ካሴቱ እስከ ዛሬ ሳጥኗ ውስጥ አለ።

የዛሬዋ ሙሽራ ኢክላስ ትባላለች። ዐዚዚያ ውስጥ አባያ የምትሰፋ፣ ከእናቷ ከተለየች ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ ናት። እናቷ ሐይቅ ከተማ ነው ያለችው። ኢክላስ ነስሪንን ስትቀጥር አንድ ነገር ብቻ ለመነቻት፤ እናቷ በስልክ ውስጥ አይታ «ግለጪ» ሳትላት ዓይነ ርግቧን አትገልጥም። ምስሉ ከጠፋ ተሸፍና ትቀመጣለች። ነስሪን ይህን ለእናቷ ስትነግራት ዘይነባ ተነስታ ዕቃ ቤቱን እንደገና ጠረገች።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነስሪን ካሜራዋን ይዛ፣ ሰርጉ ወደሚደረግበት ከከተማ ወጣ ወዳለ ኢስቲራሃ፣ ለድግስ ወደሚከራይ ግቢ ሄደች። ቅርጫት ያዢዋ ሴት ስልክ ይዛ እንድትገባ የፈቀደችው ለእሷ ብቻ ነው። ነስሪን ከወጣች ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የዕቃ ቤቱ ማቀዝቀዣ፣ ሙከይፉ፣ አንድ ጊዜ አጉረመረመና ሞቅ ያለ ንፋስ መንፋት ጀመረ። ውጪው አርባ ስድስት ዲግሪ ነው። ዘይነባ መለኪያውን አየች፤ ሃያ ስድስት፤ ወዲያው ሃያ ዘጠኝ። የማቀዝቀዣ ጠጋኙን ሙሀባውን ደወለችለት፤ እሱም የወሎ ልጅ ነው።

ሙሀባው መሰላሉን ተሸክሞ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። በሩን ሲያንኳኳ ዘይነባ ደነገጠች። ሴቶቹ ሁሉ፣ የስንት ሰርግ ሴቶች፣ ያሉት በእነዚያ ሳጥኖች ውስጥ ነው። ሳታስብ ሮጠችና፣ ስትሰግድ የምትከናነበውን ሰፊ ሸርሸፍ አንስታ ሁለቱንም እህትማማቾች ከላይ እስከ ታች አለበሰቻቸው። ጫፉን ሳይቀር በታች በኩል ሸጎጥ አደረገችው። ከዚያ በሩን ከፈተች።

ሙሀባው ገባ፤ ተሸፍነው የቆሙትን አየና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዓይኑን ጨፍኖ መሰላሉን በዳበሳ ሊወጣ ሲል ዘይነባ፣ «አንተ፣ ዓይንህን ግለጥ፤ ወድቀህ ሌላ ጣጣ ታመጣብኛለህ» አለችው። የሞተሩን ማስነሻ ካፓሲተር ለወጠ፤ ማጣሪያውን አጠበ። ቀዝቃዛው ነፋስ መጣ። መለኪያው ወደ ሃያ ሦስት ሲወርድ ዘይነባ ሰባት ጊዜ አልሐምዱሊላህ አለች። ሙሀባው ውጪ ያለውን ሞተር ፈትቶ ሊያጸዳ ወደ በረንዳ ወጣ። ገና ተመልሶ ስለሚገባ ሸርሸፉ ባለበት ቆየ።

አሱር ተሰገደ። ሰርጉ ተጀመረ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ስክሪን የለም፤ ዘይነባ ሰርግ የምታየው በመብራት ነው። ከኢንተርኔቱ ሳጥን ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ሰው ሲበዛ እንደ ልብ ምት ትፈጥናለች። ዛሬ ለዓይን እስክታስቸግር ትፈጥናለች። ነስሪን ደውላ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ሰው ገብቷል፤ ሐይቅ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ቤት ታጭቋል አለቻት። ስልኩን እንዳትዘጊው ተባባሉ። ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ የሴቶቹ ሳቅ ከስልኩ ውስጥ ይንቆረቆራል። ዘይነባ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ እግሯን ከከበሮው ጋር ትመታለች።

የነስሪን ድምፅ ድንገት ቀጠነ።

«እማ፣ ታላቂቱን ትኩሳት ይዟታል። ስልኬ ላይ ሰማንያ ስምንት ዲግሪ ታሳያለች። ሙከይፉ አልተሠራም እንዴ?»

«ተሠርቷል ልጄ። እኔ ራሴ በርዶኝ ተኮራምቻለሁ።»

«ዘጠና ሆነች። እጅሽን አሳርፊባት እስቲ።»

ዘይነባ እጇን ሰደደች። እጇ ያረፈው ብረት ላይ ሳይሆን ጨርቅ ላይ ነበር። ጨርቁ እንደተተኮሰ ልብስ ይፋጃል።

ሸርሸፉን ስትገፈው ትኩስ ትንፋሽ ፊቷን መታው። በዚያችው ቅጽበት ታላቂቱ ራሷን አጠፋች፤ እንዲያ ስትግል እንዳትቃጠል በራሷ እንደምትጠፋ ነስሪን ነግራታለች። አረንጓዴዋ መብራት ቀጥ አለች። ከስልኩ ውስጥ የሴቶቹ ጉምጉምታ ተሰማ፤ ነስሪን፣ ምስሉ በኢክላስ እጆች ላይ ደርቆ ቀርቷል አለቻት። የሂና እጆች ብቻ። ዘይነባ ካሴቷ ትዝ አላት።

ነስሪን ግን አልጮኸችም። ቀስ ብላ፣ «እማ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው በይ። ያላ» አለቻት።

ቅዳሜ ነው አለች ዘይነባ በልቧ። ታናሺቱን ዳበሰቻት፤ ብዙ ሥራ ስላልነበረባት ሞቃለች እንጂ አልጋለችም። ቀይ ክር ያለበትን ገመድ ያዘች። ክሩን ራሷ ያሰረችው ስለሆነ በጨለማም አትስተውም። ነቀለች። ታናሺቱ ላይ ገፋችው፤ ቀጭ አለ። ሥራውን የሚያስረክባትን ቁልፍ ተጭና በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ሙሀባው ድምፅ ሰምቶ ከበረንዳው በር ላይ ቆሟል። ሳትዞር፣ «ግባና ነፋሱን ወደ እነዚህ አዙርልኝ» አለችው። ገብቶ የሙከይፉን ክንፎች ወደ ታች አዘነበላቸው።

«እናቴ» አለ በትሕትና፣ «ሞተር ልብስ ለብሶ ሲሠራ አይቼ አላውቅም ነበር።»

«አይተህ ዝም አልክ?»

«የሴት ነገር ነው ብዬ ነዋ። እንዴት እናገራለሁ?»

ኢስቲራሃው ውስጥ አሮጊቶቹ ዘፈኑን ያዙት። ሙሽራዋ ተሸፍና እንደተቀመጠች አንዱን ዘፈን ጨርሰው ሌላውን አነሱ፤ የሚጠብቁት ማንን እንደሆነ ሁሉም ያውቃሉ። ዘይነባ ሠላሳ ሦስት ቆጠረች፤ ሠላሳ አራት። ታናሺቱ ውስጥ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ ነፋሷም በረታ። ብርቱካናማ መብራት በራ፤ ጠፋ፤ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ የኢንተርኔቱ ሳጥን መብራት አንድ ጊዜ ጠቀሰች፤ ሁለት ጊዜ፤ ሦስት፤ ከዚያማ ማን ይቁጠራት።

«መጣ!» አለች ነስሪን።

ጊዜ ወሰደ፤ ሁለት መቶ ሰማንያው ሰው አንድ በአንድ ተመልሶ እስኪገባ። ከበሮው ዝም አለ። ከዚያ ከስልኩ ውስጥ፣ ከሐይቅ ወደ ኢስቲራሃው፣ ከኢስቲራሃው ወደ ዑድ ሠፈር ዕቃ ቤት የሻከረ የእናት ድምፅ መጣ።

«አየሁሽ እናቴ። አየሁሽ። በይ ግለጪ።»

ቀጥሎ የሴቶቹ እልልታ እንደ ዝናብ ወረደ። ዘይነባ ምንም አላየችም። ከፊቷ ያለው ግድግዳና የምትሮጥ አረንጓዴ መብራት ብቻ ነው። አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ ሸርሸፉን በደረቷ አቅፋ፣ እጇን ወደ አፏ ወሰደች። በሰው ፊት እልል ብላ የማታውቅ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ መጀመሪያ ተሰነጠቀ። ቀጥሎ ግን ጠራ፤ ከዕቃ ቤቱ አልፎ እስከ ደረጃው ተሰማ። ሙሀባው መሰላሉን እያጠፈ፣ «መብሩክ እናቴ» አለና ፊቱን እንደገና ወደ ግድግዳ አዞረ። በዚህ ጊዜ ግን ሳቁን ሊደብቅ ነበር።

እሱ ከሄደ በኋላ ደብተሩን አወጣች። ብዙ አሰበች፤ ከዚያ ጻፈች። «ዓርብ ከአሱር በኋላ፤ ታላቂቱ ወደቀች፤ ታናሺቱ ደረሰች፤ አራት ደቂቃ ጠፋ። ምክንያቱ ዘይነባ።»

ነስሪን የሰርግ ምግብ በፌስታል ይዛ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ደብተሩን ነው። ዘይነባ ሁሉን ነገር፣ ሸርሸፉን እንዴት እንዳለበሰቻቸው፣ ጫፉን እንዴት እንደሸጎጠች ሳይቀር አንድ በአንድ ነገረቻት። ነስሪን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ እስክሪብቶ አነሳችና የእናቷን ስም ሰርዛ፣ በላዩ «ሸርሸፍ» ብላ ጻፈች።

«እማ፣ ሳጥኑን ከውጪ ቢያዩት እኮ ምንም አይታይም።»

«አውቃለሁ። እጄ ነው ያላወቀው።»

ከዚያ ነስሪን ኮምፒውተሯን ከፍታ እናቷን አጠገቧ አስቀመጠቻት። የሰርጉ ምስል ታናሺቱ ላይ ተቀድቶ ተቀምጧል። ዘይነባ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች። የሂናው እጅ መጣ፤ ጫማዋ መጣ፤ ሴቶቹ ከበቡ። ዓይነ ርግቡ ላይ እጆች ሲዘረጉ፣ ዘይነባ የስክሪኑን ጠርዝ በሁለት እጇ ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

መስመር አልመጣም። ጨርቁ ወደ ላይ ተነሳ፤ ኢክላስ በእንባ የራሰ፣ ሳቅ የሞላው ፊቷን ቀና አደረገች።

«እሷ ናት?» አለች ዘይነባ በሹክሹክታ። «ታድያ እንዲህ ነዋ የምታምረው። እስቲ ከመጀመሪያው መልሺው።»