የአክስቴ ውክልና

አክስቴ ቅዳሜ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ስለምትሳፈር ውክልናው ከአርብ ሊያልፍ አይችልም ነበር። ሰኞ ኦፕሬሽን ትደረጋለች። ቀጠሮውን ለማግኘት ክረምቱን ሙሉ ስንጠብቅ ከርመን፣ ሲገኝ ደግሞ የሱቋ ንግድ ፈቃድ ማደሻ ከሚያልቅበት ቀን ጋር ገጠመ። እዚሁ እኛ ከተማ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ያቆመችው ነው። በዚያው መደዳ ፈቃድ ያላሳደሱ ሰዎች በራቸው ሲታሸግ አይተናል። እሷ ሆስፒታል ስትሆን እኔ በስሟ እንዳሳድስላት ውክልና ያስፈልገኝ ነበር። መታወቂያዋ ጊዜው አልፎበት ቀበሌ ስንመላለስ ሰነበትን፤ አዲሱ የተሰጣት ሐሙስ ወደ ማታ ነው። አርብ ደግሞ ቢሮ ለጁምዓ ሶላት ቀደም ብሎ ይዘጋል፣ ከሰዓትም ዘግይቶ ነው የሚከፈተው። ሌሊቱን ይህን ሳሰላ አደርኩ።

በሰነድ ማረጋገጫው በር ላይ ጃንጥላ ዘርግታ የምትጽፍ ሴት አለች። መብራት ከጎረቤት ሻይ ቤት በገመድ ስባ ኮምፒዩተርና ፕሪንተር ታሠራለች።

«ሙሉ ውክልና ነው ወይስ ለአንድ ጉዳይ?» አለች ቀና ሳትል።

«ሙሉውን ሥሪለት» አለች አክስቴ። «እኔ ቁርጥራጭ ሸጬ አላውቅም።»

ጸሐፊዋ ሳቀች። ሁሉም ሰው የሚያሠራው እንደዚያ ነው ብላ ድሮ የተዘጋጀ ገጽ ከፈተች፣ የኛን ስም አስገባችበትና አተመችው። ወረቀቱ ሙቀቱ ሳይለቀው ወደ ግቢው ገባን።

ግቢው ውስጥ ሰልፍ የሚባል ነገር የለም። አዲስ የመጣ ሰው «መጨረሻ ማነው?» ይላል፣ አንዱ እጁን ያነሳል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ሰው በዓይን ይዞ መቆየት ነው። የኛ ሰው ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ፣ ባጃጁን ሊሸጥ የመጣ ጎልማሳ ነበር። ገዢው ገና ስላልደረሰ ሰውየው አንድ ቦታ መቆም አልቻለም። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከግቢው ይወጣል፣ መንገዱን ግራና ቀኝ ያያል፣ ይመለሳል።  ተስፋ ቆርጦ ቢሄድስ? ከማን በኋላ እንደሆንን ማን ይመሰክርልናል? ተከትዬው እወጣለሁ፤ ሲዞር ስልኬን የማይ እመስላለሁ።

«ሰውየውን ተወው» አለችኝ አክስቴ። «ሌባ ነው ብሎ ያስይዝሃል።»

ዛፉ ስር ያለው አግዳሚ ወንበር ባዶ ነበር። ቅርንጫፉ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሰፍረው ኩሳቸውን ስለሚጥሉ ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ መቆምን መርጧል። አክስቴ ግን መቆም ስለሚያማት የካርቶን ቁራጭ ራሷ ላይ ይዛ እዚያው ተቀመጠች። «እነሱም ተራ ይዘው ነው፤ አይቸኩሉም» ስትል በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። ሌላው እጇ በሻርፑ ስር ጎኗን ተጭኖ እንደያዘ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ።

ረፋዱ ላይ ዘበኛው ብቅ ብሎ ሲስተም ሄዷል አለ። የት እንደሄደና መቼ እንደሚመለስ የጠየቀ የለም። ሲመለስም ማንም አልነገረን፤ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው ያወቅነው። የባጃጁ ገዢ ላብ አጥምቆት ደረሰ፤ እነሱ ገቡ፤ ቀጥሎ እኛ ተጠራን።

የተቀበለችን ባለሙያ በኔ ዕድሜ ያለች፣ ዓይኗ በስክሪን የደከመ ሴት ናት። መታወቂያዎቹን አየች፣ የአክስቴን ፊት ከፎቶው ጋር አስተያየች፤ ከዚያ ለሁሉም የምትጠይቀውን ጠየቀች።

«ማንም ሳያስገድድዎት፣ በራስዎ ፈቃድ ነው ውክልናውን የሚሰጡት?»

አክስቴ በቀጥታ መልስ መስጠት አታውቅም። ሱቋ ውስጥ ዋጋ ስትጠየቅ እንኳን መጀመሪያ ስለ ጠያቂዋ ልጆች ታወራለች፣ ቀጥሎ ታሾፍባታለች፣ ዋጋው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ገበያተኛው ሁሉ ያውቅላታል።

«ምን ፈቃድ አለኝ ልጄ! ይሄ ጎረምሳ ነው ጎትቶ ያመጣኝ። ቁርሴን እንኳን አላስበላኝም።»

ሳቀች። እኔም እንደምንም ፈገግ አልኩ። ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እናቴ፣ እንደዚህ ካሉ እኔ አልፈርምም።»

«ኧረ ቀልዴን ነው! ወላሂ ቀልዴን ነው።»

«ቀልድዎን ይሁን እውነትዎን በምን አውቃለሁ?» ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ውጣ።»

«እሷ እኮ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምታወራው…»

«ውጣልኝ ወንድሜ። በሩንም ዝጋው።»

የበሩ ላይኛው ክፍል መስታወት ነው። ባለ ሰማያዊ ጃኬቱ ሰውዬ ጉዳዩን ጨርሶ ከጎን ካለው ክፍል ሲወጣ አጠገቤ ቆመ። ደስታው ገና ፊቱ ላይ ነበር።

«ምነው፣ አስወጡህ? አሮጊቷን ምን ብለህ አስፈራርተሃት ነው?»

«አክስቴ ናት» አልኩ። መልስ እንዳልሆነ ራሴም ገባኝ።

«አክስቶች ናቸው ይበልጥ የሚፈሩት!» ብሎ ሄደ። በሩ ላይ ተራ ከሚጠብቁት ውስጥ ያልሳቁት ከሳቁት ይልቅ አስጨነቁኝ። አንዲት ሴት ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች።

በመስታወቱ ውስጥ ባለሙያዋ ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። አክስቴ መጀመሪያ እጇን እያወናጨፈች ታወራ ነበር። ከዚያ እጇ ጭኗ ላይ ወረደ፣ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። የባለሙያዋ ጣት አንድ መስመር ላይ ቆሟል። ሰዓቱን አየሁ፤ ለምሳ ሊዘጉ ትንሽ ቀርቷቸዋል።

ተጠራሁ።

«እዚህ ላይ መሸጥ፣ መለወጥ፣ በዋስትና ማስያዝ ይላል» አለች ባለሙያዋ። «ያውቁታል ወይ ብላቸው አላውቅም አሉ። አንተስ ታውቃለህ?»

«የጸሐፊዋ ነው። ሁሉም ላይ አለ። እኛ የፈለግነው ፈቃድ ለማሳደስ ብቻ…» ድምፄ የሌባ ድምፅ ሆነብኝ። ግጥም ላይ አንድ ቃል ስሰርዝና ስመልስ ቀኑ የሚመሽብኝ ሰው፣ ያንን ገጽ እንደ አውቶቡስ ማስታወቂያ ነበር ያለፍኩት።

ባለሙያዋ ወደ አክስቴ ዞረች። «ይኑር ወይስ ይውጣ?»

አክስቴ የምታየው ወረቀቱን እንጂ እኔን አልነበረም። ልጅ ሆኜ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እማ ነው የምላት። ሱቁን አምና ትሰጠኛለች ወይ የሚል ጥያቄ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በመካከላችን ኖሮ አያውቅም።

«ይውጣ» አለች።

ሮጬ ጸሐፊዋ ጋ ስደርስ ሻይ ቤቱ መብራት ጠፍቶበታል። «በቃ፣ ጸልይ» አለችኝ ጃንጥላዋን እያስተካከለች። ከጀርባዬ የቢሮው በር ለምሳ ሲቆለፍ ሰማሁ።

ከመስጊዱ አዛን ሲሰማ እኔና አክስቴ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። መብራቱ ባይመጣስ? ቢመጣና ሲስተሙ ቢሄድስ? ባለሙያዋ ከሰዓት ባትመለስስ? የማስበው ግን ይህን ብቻ አልነበረም።

«እማ፣ ጠረጠርሽኝ?»

 ካርቶኑን ከራሷ ላይ አውርዳ ጭኗ ላይ አጠፈችው።

«ልጅቷ መሸጥ የሚለውን ስታነብልኝ ሱቁ ያለኔ ታየኝ። መደርደሪያው ተነቃቅሎ፣ ሌላ ሰው በሩ ላይ ቆሞ። እኔ እኮ ተመልሼ ልመጣ ነው የምሄደው። እንዲሸጥ ከፈቀድኩ እንደማልመጣ አምኜ ፈረምኩ ማለት ነው።»

አመንኳት። ቆይቼ ደግሞ፣ እንዳይከፋኝ ብላ ቢሆንስ አልኩ። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ዛሬም ድረስ አልጠየቅኳትም።

መብራቱ መጣ። ጸሐፊዋ ረጅሙን መስመር አጠፋችው፤ የቀረው ወረቀት ግማሽ ገጽ እንኳን አልሞላም። ባለሙያዋ ዘግይታ ብትመጣም መጣች። ያንኑ ጥያቄ ስትደግም አክስቴ «አዎ» አለች፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ፈረመች፣ ፈረምኩ፣ ማኅተሙ ወረደ። ጠዋቱን ሙሉ የፈራሁለት ነገር ለማለቅ የፈጀው ጊዜ አንድ ሻይ እንኳን አያስጠጣም።

ባጃጅ ውስጥ ወረቀቱን እንዳይታጠፍ በሁለት እጄ ይዤው ነበር። ያኔ ነው ሳምንቱን ሙሉ ሁለታችንም ያላነሳነው ነገር የመጣብኝ። ማደሻው የሚያልቀው ሰኞ ነው። እሷ እዚያ ስትተኛ እኔ እዚህ ንግድ ቢሮ ግቢ ውስጥ ተራ እየጠበቅሁ ነኝ። አብራት የምትሄደው ጎረቤቷ ናት፤ የኔን ስልክ ቁጥር እንኳን አልያዘችም።

«ሰኞ ማን ይደውልልኛል?» አልኳት።

«አንተ ፈቃዱን አሳድስ» አለች፤ ከመንገዱ ዓይኗን አላነሳችም። «ስነቃ እኔው እደውልልሃለሁ።»