ለነፍስ ውጤት የማይሰጡት መምህር

ጠዋት መቐለ ያለች ጓደኛዬ ደውላ «መምህር ሐዱሽ ዐረፉ» ስትለኝ «የትኛው ሐዱሽ?» አልኳት። ጠፍቶኝ አይደለም። ሌላ ሐዱሽ እንዲሆን ፈልጌ ነው።

ለማታውቋቸው፣ መቐለ መምህርነት ስማር ሥነ ልቦና ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። እኔ ከደሴ የሄድኩ፣ ትግርኛ የማልችል ልጅ ነበርኩ። «ጓለይ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

የቢሄቪዮሪዝምን ፍልስፍና ሲጀምሩልን፣ ሳይንስ የሚመዝነው የሚታየውን ድርጊት እንጂ የተሰወረውን ሐሳብ አይደለም አሉን። አንድ ዲያቆን ተማሪ እጁን አወጣ።

«ታዲያ ነፍስ የለችም እያሉን ነው?»

ሳቁ። «እንዲያ የሚሉም አሉ፤ እኔ ግን አይደለሁም። ነፍስማ አለች፤ እሑድ ቅዳሴ የቆምኩት ለእሷ ብዬ ነው። ግን አላያትም፤ ለማላየው ነገር ደግሞ ውጤት አልሰጥም።»

ለልምምድ ሰሜን ክፍለ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ አለች፤ አስተማሪዋ ተስፋ ቆርጠውባት ዓመቱን ልትደግም ነው። እኔም ሪፖርቴ ላይ «ሰነፍና እልኸኛ» ብዬ ጻፍኩ። መምህር ሁለቱንም ቃል በቀይ ሰረዟቸው።

«ስንፍናዋን በዓይንሽ አየሽው? ያየሽውን ጻፊ፣ ጓለይ።»

ተናድጄ ተመለስኩ። ሦስት ቀን ከኋላ ተቀምጬ አየኋት። በቀኝ በኩል ሲጠሯት ትዞራለች። በግራ ሲጠሯት አትዞርም። አንድም ጊዜ።

ያንኑ ጽፌ ሰጠኋቸው። አንብበው ኮታቸውን አነሱና «ነይ፣ እንሂድ» አሉኝ። ክፍል ገብተው ከልጅቷ ኋላ ቆሙ፤ ቁልፋቸውን በግራ ጆሮዋ አጠገብ አቅጨለጨሉ። አልዞረችም። በቀኝ ሲያቅጨለጭሉ ዞር ብላ ሳቀችላቸው።

ግራ ጆሮዋ አይሰማም ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አላወቀም። ፊት ወንበር ላይ፣ ቀኝ ጆሮዋ ወደ አስተማሪዋ እንዲሆን አስቀመጧት። ዓመቱን አልደገመችም።

ስንመለስ መንገድ ላይ አለቀስኩ። «ሰነፍ ብያት ነበር እኮ» አልኳቸው።

«አሁን አላልሽም» አሉኝ። ታክሲው ጋ እስክንደርስ ቀስ ብለው አብረውኝ ሄዱ።

መምህር፣ መታመምዎን ሰምቼ «በዓሉ ይለፍና እደውላለሁ» ብዬ ቆየሁ። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ነገ በጠዋቱ በረራ መቐለ፣ አሉላ አባ ነጋ አየር ማረፊያ እደርሳለሁ። ለቀብር ከቤት ሳይወጡ ከደረስኩ ከልጆችዎ ጎን ቆሜ እሸኝዎታለሁ። ካልደረስኩ ግን ከዚሁ ልሰናበትዎ፦ ደኅና ይግቡ፣ አባቴ።