መሃል የተቀመጥኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ከደባርቅ ስመለስ ሚኒባሱ ኮሶዬ ላይ ለምሳ ቆመ። ጉም ወርዶ መንገዱ አይታይም። ትኩስ ድንች በአዋዜ አቀረቡልን። ሬዲዮው ስለ አንድ የባሕር ማዶ ጦርነት አወራ፤ አገራችን ከማንም ወገን አልቆመችም አለ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ «ሸጋ አደረገች» ብሎ ጎረሰ። እኔ ድንቹን ወደ ጎን ገፋሁት። ተናድጄ ነው።

የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ያኔም ሬዲዮው ይህንኑ ነበር ያለው። ለምን ዝም አልን ብዬ አባቴን ጠየቅኳቸው። አባቴ ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። እርቁ እስኪያልቅ ከገዳይም ከሟችም ቤት እህል አይቀምሱም።

«የአንዱን እህል የቀመሰን ሽማግሌ ሌላው ምን ብሎ ይሰማዋል?» አሉኝ።

ታላቅ ወንድሜ ምስጋናው ሳቀ። «እኛማ የሁለቱንም ስንዴ እየበላን ነው፣ አባ። ዝም ያልነው እንዳይቀርብን ነው።»

አባቴ አልተቆጡም። እሱም ምክንያት ነው፤ ድሃ አገር በማያውቀው ጥል ገብቶ ልጆቹን አያስርብም አሉ። ወደድኩት። ለክፍል ክርክር ጻፍኩት፤ ተጨበጨበልኝ።

ሳይከርም ምስጋናው እዚያው ጦርነት እሄዳለሁ አለ። ሥራ ካጣ ቆይቷል፤ ወታደር የሚመለምል ሰው ጎንደር ላይ አግኝቷል። እናቴ ቦርሳውን ደበቀችበት። ተጨቃጨቁ፤ ሲደክሙ ሁለቱም አባቴን ዳኙን አሏቸው።

አባቴም ዳኙ። እንዴት እንደሆነ… በገዛ ቤታቸው፣ እንደ ባዳ ሽማግሌ። ጠዋት የቀረበላቸውን ቂጣ አልነኩም። እኔን አንተ ተምረሃል ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እናቴ ተናገረች፣ እሱ ተናገረ። አባቴ ለማንም አላደሉም።

ምስጋናው ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ? አትሂድ ካልከኝ እቀራለሁ።»

ከሽማግሌ እኩል መቀመጤ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱ ይኼ ነው።

«እኔ መሃል ነኝ» አልኩት።

«አገር ሆንክ በለኛ» አለኝ። ቦርሳውን ከጎተራው ኋላ አውጥቶ ወደ መንገዱ ወረደ።

መሞቱን አብሮት የነበረ ልጅ ደውሎ ነገረን። አስከሬን የለም። ልብሱንና ፎቶውን ዘርግተን አለቀስን።

አባቴ አሁን ለሽምግልና አይወጡም። ባለፈው ወር በድንበር የተጣሉ ጎረቤቶች ሲመጡ፣ እኔ ከእንግዲህ የማዳላ ሰው ነኝ ብለው ከደጅ መለሷቸው። እናቴ አባቴን አታናግራቸውም። እኔን ግን ታናግረኛለች፤ ልጅ ነበርክ ትለኛለች። ይኼ ነው የሚያናድደኝ።

አገር ሁለቱን ተፋላሚዎች ላታውቃቸው ትችላለች። ፈርታም ይሆናል፣ እህል ፈልጋም ይሆናል፤ ምክንያቷን ሰምቻለሁ፣ አልከራከራትም። እኔን የጠየቀኝ ግን በአንድ ብርድ ልብስ አብሬው ያደግኩት ወንድሜ ነው። አትሂድ ብዬው ቢሆን ይቀር ነበር።