«ሁለት እጁ» ስሙን ሊቀይር ሲል

ዛሬ ሞጣ ላይ የክለባችንን ስም ያዳነልን የብቸና ደጋፊ ነው! እስካሁን ክው እንዳልኩ ነኝ።

ክለባችን በወረዳችን ስም «ሁለት እጁ» ይባላል። ኳስ በነካን ቁጥር ተፎካካሪዎቻችን ብቸናዎች «ዳኛ፣ እጅ!» እያሉ ይስቁብናል። እኛም የከተማቸውን ስም ሰንጥቀን «ብቻ ና!» እንላቸዋለን። (የቅኔ አገር ሰው ሲሳደብም ቃል ይሰነጥቃል።)

ታዲያ ይህ የእግር ኳስ ስም ነው? «ንጋት» ይባል ብዬ ደጋፊውን ያሰባሰብኩት እኔ ነኝ። ገና መመረቄ ነው፤ ሁሉን ነገር ዛሬውኑ መቀየር ያምረኛል።

ወጣቱ አጨበጨበልኝ። ድምፅ ልንሰጥ ስንል ግን አንድ ጎልማሳ ከኋላ ተነሣ።

«እኔ የብቸና ሰው ነኝ። ለገበያ መጥቼ ነው የሰማሁት።» አዳራሹ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«አባቴም እኔም ስንሰድባችሁ የኖርነው በዚህ ስም ነው። ‹ንጋት›ን ምን ብዬ ልስደበው? እባካችሁ ተዉት።»

በጃንሆይ ጊዜ የክለቡ የመጀመሪያ በረኛ የነበሩት ጋሽ ኢብራሂም፣ «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ሲነግራቸው ሳቅ ገደላቸው።

«ያ ጉደኛ! በረኛ መሆኔን እያወቀ፣ ኳስ በያዝኩ ቁጥር ‹ዳኛ፣ እጅ!› ይለኝ ነበር። ደኅና ነው?»

«ዘንድሮ አረፈ፣ ጋሼ።»

ሳቃቸው ቆመ። ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ይሄን ስም አትንካብኝ።»

ስሙ ባለበት ይቆይ የሚል እጅ ያውጣ ተባለ። እኔው ራሴ ሁለቱንም እጄን አወጣሁ።

«ዳኛ፣ እጅ!» አለ ሰውዬው ከኋላ።

የእናንተን ክለብ ስም ተቃራኒ ደጋፊ ምን እያለ ይጠራዋል? እስቲ ንገሩኝ።