ያልታጠበችው መጥበሻ

የቆየ ስብ እንደገና ሲግል የሚያወጣው ሽታ ከትኩስ ጥብስ ሽታ ይለያል፤ የከረፋና ጉሮሮ የሚከረክር ነው። ከጎረቤት ወጥ ቤት በመስኮት ሲገባብኝ ዛሬም የያዝኩትን አስቀምጬ እቆማለሁ፣ ዕድሜዬ ሁሉ ይጠፋና ደብረ ማርቆስ፣ እዚያች ጠባብ ወጥ ቤታችን ውስጥ፣ ዝም ብላ የቆመች የአስር ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

መጥበሻዋን የገዛናት በክረምት ነው። በእኛ አገር ክረምት ከሰሉ ረጥቦ አልያዝ ይል ነበር፣ እማዬም እፍ ስትል ዓይኗ ቀልቶ ትውል ነበር። አባዬ የፊዚክስ መምህር ነበር፤ ከደቡብ ተመድቦ መጥቶ፣ እሷን አግብቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ እኔን አስከትሎ ሱቅ ሄደና ባለሱቁ ሁለት የኤሌክትሪክ መጥበሻ አወጣልን። አንደኛዋ ሽቦዋ ከታች ነው፣ የስብ ማጠራቀሚያ ትሪዋም ተስቦ ይወጣል፤ ሁለተኛዋ ካርቶኗ ላይ «ኢንፍራሬድ» የተጻፈባት፣ ሽቦዋ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ሆኖ ከላይ የተገጠመላት ነበረች። ባለሱቁ ሲሰካት ቱቦው ቀስ እያለ ቀላ፣ ሙቀቱም ሳንነካት ፊታችንን አገኘን። አባዬ ተማረከ። «ይቺ አየሩን አይደለም፣ ሥጋውን ራሱን ነው በጨረር የምታሞቀው፤ ስቡም ሽቦው ላይ ስለማይንጠባጠብ አትጨስም» እያለ ሻጩን ማስተማር ጀመረ፤ እሷኑ ገዝተን ተመለስን።

ቤት ስንገባ እማዬ አገላብጣ አየቻትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፣ «ትታጠባለች?»

ትሪዋ ከአካሏ ጋር የተበየደ ነበር። «በጨርቅ ትጠረጋለቻ» አላት አባዬ እየሳቀ።

«አይ አንተ ሰውዬ! ዕቃ ሲመረጥ እኮ የሚያጥበው ሰው ይጠየቃል» አለችው።

ከመስቀል ጀምሮ «ቀይዋ» የሚል ስም ወጣላት። በዓል በመጣ ቁጥር አባዬ እጅጌውን ሰብስቦ «መጀመሪያ ባዶዋን አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ሥጋውን» እያለ ይጠብስ ነበር፤ እኔም በዚሁ ሕግ ዳቦ ማሞቅ ለመድኩ። እማዬ ስትስቅ እንኳ ግን አንድ የጎደላት ነገር ነበር። አባቷ ሮብ ገበያ በሚባለው ገጠር የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ፤ ፕሮቴስታንት ካገባች ጀምሮ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አገር ቤት ሄዳ ስትጠይቃቸው ይመርቋታል እንጂ ቤቷን አልረገጡም፣ እህል ውኃዋንም አልቀመሱም። አባዬ ይህን ያውቃል። ጾም ሲገባም ማንም ሳያስገድደው፣ «ብቻሽን አትራቢም» ብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አብሯት ይጾም ነበር።

የቅበላ ማግስት እማዬ የሥጋ ዕቃውን ሁሉ በአመድ ፈትጋ አጠበች። ቀይዋን በጨርቅ ብትጠርጋት፣ ብትጠርጋት፣ በየጥጉ የገባው ስብ አልለቅ አላት፤ መጨረሻ ላይ በፌስታል ጠቅልላ «እስከ ፋሲካ እንዳትነኳት» ብላ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለቻት።

በጾሙ እኩሌታ አያቴ ዓይናቸውን ሊታከሙ መጡ፣ ከተማው ውስጥ ሌላ ዘመድ ስላልነበራቸው እኛ ቤት አረፉ። ሁለት ቀን ከራሳቸው ስልቻ በሶ እየበጠበጡ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እማዬ ጉልበታቸውን ይዛ «አባቴ፣ ዛሬ እንኳ ከኔ ማዕድ ይቅመሱልኝ» አለቻቸው።

«ጾሙ በቤትሽ የተከበረ ከሆነ፣ እሺ» አሉ።

ያን ቀን ቤቱ ውስጥ ሁላችንም በእግር ጣታችን ነበር የምንሄደው። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ እማዬ ስልጆ ልታመጣ ጎረቤት ሄደች፣ አባዬ ጓዳ ሆኖ ፈተና ያርማል፣ አያቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ይጸልያሉ። እኔ ዳቦውን ነካሁት፤ ደርቋል። አያቴ ጥርስ የላቸውም። እማዬን ላስደስት ብዬ ወንበር ላይ ወጥቼ ቀይዋን አወረድኳት፣ ሰካኋትና እንደ ሕጉ ባዶዋን ትቼ ዳቦ መቁረስ ጀመርኩ።

አምስት ደቂቃም አልሞላት። መጀመሪያ ተንጣጣች፣ ቀጥሎ ጭሱ ተነሣ፣ የሥጋው ሽታ መጋረጃውን አልፎ ወደ ሳሎን ሄደ። የአያቴ ጸሎት ተቋረጠ።

«ይህ ምንድን ነው? ሥጋ? በሁዳዴ?»

እማዬ ሳህኑን ይዛ ደረሰች። «አባቴ፣ የቆየ ስብ ነው…»

«የታመመው ዓይኔ ነው፣ አፍንጫዬ ደህና ነው!» ብለው በትራቸውን በእጃቸው ይፈልጉ ጀመር።

«እኔ ነኝ፣ ዳቦዎን ላሞቅልዎት ብዬ ነው» ማለት ነበረብኝ። ዳቦውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አባዬ ቀይ እስክሪብቶውን እንደያዘ ከጓዳ ወጣ፣ እኔን አየ፣ እማዬን አየ፣ ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ነቀለና ወደ ሳሎን ገባ።

«እኔ ነኝ አባ። ምሳዬን ልጠብስ ነበር። ልጅዎት ጾሟን አንድ ቀን ሽራ አታውቅም፤ ይህንንም አላወቀችም።»

እማዬ አፏን ከፈተች፤ እሱ በዓይኑ ከለከላት።

አያቴ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «የማይጾም ሰው ዛሬ ከዚህ ማዕድ አይቀርብም» አሉት። ከዚያ ድምፃቸው ላላ አለ፣ «አንቺ ልጄ፣ እንጀራውን አምጪው።»

አባዬ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር። እማዬ አቀረበች፣ አያቴ ባርከው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ዘረጉልኝ። ጎረስኩ። በመስኮቱ የአባዬ ጀርባ ይታየኝ ነበር። እማዬ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፤ የደስታ ይሁን የኀዘን አልጠየቅኋትም።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ነቀዘ። አያቴ ሳልነግራቸው አረፉ፣ ከዓመታት በኋላ እማዬም ተከተለች። ለራሴ ቤት መጥበሻ ስገዛ ሻጩ ስለ ጨረሩ ብዙ ነገረኝ፤ እኔ ግን «ትሪዋ ይወጣል?» ብቻ ነበር ጥያቄዬ። አባዬ ጡረታ ወጥቶ እኔ ጋ ይኖራል፣ ሁዳዴንም እማዬ እንዳለች ሁሉ ይጾማል። ባለፈው ጾም ያን ቀን ለምን እንደዋሸ ደፍሬ ጠየቅሁት።

«እኔን የራበኝ አንድ ቀን ነው» አለኝ፣ «እሷን አስራ ሁለት ዓመት ነበር።»

ያኔ እሱ ውጭ ተቀምጦ እኔ ጎረስኩ። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዳቦውን በታጠበችው መጥበሻ አሞቅና፣ ራሴ ሳልቀምስ የመጀመሪያውን ለእሱ አጎርሰዋለሁ። እሱ ይስቃል፣ «ልጅ መሰልኩሽ?» ይለኛል። እኔ ግን በመስኮቱ ያየሁት ጀርባው ነው የሚታየኝ።