በጽዋው ፊት ያልተናገርሁት ክስ

እኔ ኩሩ ሰው ነኝ፤ መደበቅም አልፈልግም። ሞጣ ላይ ያስተማርኋቸው ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጆች እጅ ይዘው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው ይስሙኛል፤ እሱም ያኮራኛል። በክርክርም ማንም ረትቶኝ አያውቅም። ከሁሉ በላይ የምኮራበት ድል ግን አፌ ላይ ደርሶ ሳልናገረው የቀረ ክስ ነው።

እናቴ ያረፈችው ቢቸና፣ ተወልጄ ባደግሁበት ቤት ነው። የጽዋ ማኅበሬ ሴቶች መርዶውን እንደሰሙ በስልክ ተጠራርተው፣ ሚኒባስ ተኮናትረው፣ በማግስቱ ከሞጣ ድረስ መጡልኝ። እያለቀስሁ ቆጠርኋቸው። ሰው በእናቱ ለቅሶ ላይ ሰው ይቆጥራል? እኔ ቆጠርሁ። ከእኔ ሌላ አሥራ አንድ ናቸው፤ የመጡት አሥር ነበሩ። የቀረችው አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ናት፤ ስትወልድ ገንፎ ያገነፋሁላት፣ እሷም ስታመም ከራስጌዬ ያልተለየች።

ሞጣ ስመለስ ደጄ ድረስ መጥታ «እግዜር ያጥናሽ» አለችኝ። «አሜን» አልሁና ግቢ ሳልላት ፊቴን አዞርሁ። ለምን እንደቀረች ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት በሩን ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አላናገርኋትም።

ማኅበራችን በየወሩ በማርያም ቀን ይጠጣል። ቄሱ ጸበል ጸዲቁን ከመባረካቸው በፊት «የተጣላ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ተጣልቶ ጽዋውን መቅመስ ነውር ነው። ሁለታችንም ዝም እንላለን። እኔ ለራሴ መልስ ነበረኝ። አልተሰዳደብን፣ ክፉ ቃል አልተለዋወጥን፣ ታዲያ ምኑን ተጣላን? ኩርፊያ ጠብ አይደለም ብዬ ከጽዋው እጎነጫለሁ። ጾም አልገድፍ፣ ኪዳን አልቀር። አባታችን ሆይ ስል ብቻ፣ ይቅርታው ጋ ስደርስ ምላሴ ይፈጥናል።

እንዲሁ የምዘልቅ መስሎኝ ነበር። ከእኔ ቀጥለው ጽዋውን የሚረከቡት አሮጊት ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ሄዱና ተራው ተሸጋሸገ። ከእኔ እጅ የምትቀበለው ያቺው ጎረቤቴ ሆነች። በማኅበራችን ደንብ ደግሞ ሰጪዋና ተቀባይዋ ተሳስመው ነው የሚረካከቡት። ዘዴ አሰብሁ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ወጥ ላማስል ብዬ ጓዳ እገባለሁ፣ ሙሴ የምንላት የማኅበሩ መሪ በእኔ ፈንታ ታስረክባታለች።

ቀኑ ደረሰ፤ ቤቴ ሞላ። ቄሱ ተነሥተው እንደ ወትሮው «የተጣላ አለ?» አሉ። ጽዋው ፊቴ ነው፤ ጠላውን የጠመቅሁት እኔ፣ ቤቱም የእኔ። ቀና ስል እሷ በሩ አጠገብ፣ ሰው ሲወጣና ሲገባ በሚረግጠው ቦታ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ስንት ዘመን እንደ ቤቷ ስትገባበት በኖረችው ቤት! አፈርሁ። ሰው አየኝ ብዬ አይደለም፤ በራሴ ነው ያፈርሁት።

«እኔ አለሁ፣ አባ» አልሁ።

«ከማን ጋር?»

«ከእሷ ጋር።»

«ምን በድላሽ ነው፣ ልጄ? ተናገሪ እንስማ» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ክሴን ወጥ ሳማስልም የተማሪ ደብተር ሳርምም አጥንቼዋለሁ። ምስክሮቼ ዙሪያዬን ተቀምጠዋል። ብናገር አሸንፋለሁ፤ እሷም በሁሉ ፊት ጥፋተኛ ተብላ እግሬ ላይ ትወድቃለች። ምላሴን በላኝ። ወደ እሷ አየሁ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፍርዷን ትጠብቃለች።

«ክስ የለኝም፣ አባ» አልሁ። «ያኮረፍሁት እኔ ነኝ፤ በሬን የዘጋሁባትም እኔ ነኝ። ይቅር ትበለኝ።»

ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ስል ቀድማ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እህቴ፣ ያን ጊዜ እኮ የቀረሁት...» ብላ ስትጀምር አፏን በእጄ ያዝሁ። «ተይው፤ አልጠየቅሁሽም።» ጽዋውን በሁለት እጄ አስረከብኋት፤ ሴቶቹ ቤቱን በእልልታ አናጉት። ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። «ጎበዝ ነሽ» አልሁ ለራሴ። ትዕቢት ነው የሚለኝ ካለ ይበል። የእኔን ምላስ ተሸክሞ ዝም ማለት ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ኃይሉም ከእኔ እንዳልነበረ አውቃለሁ።

በወሩ የእናቴ ሁለተኛ ሙት ዓመት ደረሰና ሚኒባስ ዳግም ተኮናተርን። እሷ ከሁሉ ቀድማ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እስከ ቢቸና ስለ ልጆቿና ስለ ዘንድሮው ጤፍ ስናወራ ሄድን፤ ያን ነገር አላነሣችውም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ለምን እንደቀረች ዛሬም አላውቅም። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ስንገባ «የትኛው ነው?» አለችኝ። በእጄ አሳየኋት። መቃብሩ ላይ ተደፍታ «እማማ፣ ዘገየሁብዎ» እያለች የሁለት ዓመቱን ለቅሶ አለቀሰችው። እኔም ከኋላዋ ቆሜ፣ በለቅሶው ቀን አሥር ላይ ያቆምሁትን ቆጠራ ጨረስሁ። አሥራ አንድ። ማንም አልቀረም።